ሁለት ሣጥን በአንድ ፍሪጅ

የጥናት ነርስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ የተረከብኩት ዕቃ ቴርሞሜትር ነው፤ ያውም የፍሪጅ። ሃያ ሁለት ዓመት በተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ስንቱን ትኩሳት ለክቼ፣ በስተርጅና የፍሪጅ ትኩሳት ለኪ ስባል ሳቄን መያዝ አቃተኝ። አለቃዬ ዶክተር ሰለሞን አልሳቀም።

«ሲስተር፣ ከሁለት ዲግሪ በታች ከወረደ መድኃኒቱ ይሞታል፤ ከስምንት በላይ ከወጣም ይሞታል» አለኝ።

«መድኃኒት ይሞታል እንዴ?»

«ይበላሻል ማለቴ ነው። ግን በሕያው ሴል ውስጥ የሚመረት ስለሆነ ይሞታል ብትዪም ብዙ አልተሳሳትሽም።»

ያን ዕለት የጀመረኝ ግራ መጋባት ጡረታ እስክወጣ አለቀቀኝም። ይህን የምጽፈው ለእናንተ በዚህ ሥራ ለምትገቡ ነርሶች ነው። ብዙ አውቄ አይደለም፤ ያልገባኝን ነገር እናንተም ሳይገባችሁ እንዳታልፉት ብዬ ነው።

አዲሱን መድኃኒት የሚፈትነው ጥናት ወልድያ ላይ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ተከራይቶ ነበር የሚሠራው። አንዱ ክፍል ደም መቅጃ፣ አንዱ የዶክተሩ መመርመሪያ፣ ሦስተኛው የፍሪጁና የወረቀቱ ነው። ወረቀቱ ከፍሪጁ ይበልጥ ነበር። በወር አንዴ ከአዲስ አበባ ናሆም የሚባል ተቆጣጣሪ ጎማ ያለው ሻንጣውን እየጎተተ ይመጣና ወረቀታችንን አንድ በአንድ ያነባል። ልጁ ትሑት ነው፤ በሽተኛ ግን አያይም። «ካልተጻፈ አልተደረገም» ይላል፤ ለሰላምታ ያህል ነው የሚለው።

የምናጠናው በሽታ የአዋቂዎች የስቲል በሽታ ይባላል። ብርቅ ከመሆኑ የተነሳ እኔ ራሴ ስሙን የሰማሁት በሥልጠናው ላይ ነው። የሰውነት መከላከያ ያለ ጠላት ይነሳና የገዛ ባለቤቱን ያቃጥላል። ትኩሳቱ በቀን አንዴ፣ አመሻሽ ላይ ሽቅብ ይወጣል፤ ከእሱ ጋር ቀላ ያለ ሽፍታ ይመጣል፤ መገጣጠሚያ ያብጣል። ሲነጋ ትኩሳቱም ሽፍታውም የለም። ስለዚህ ታማሚዋ ማታ ስትቃጠል አምሽታ ጠዋት ጤና ጣቢያ ስትደርስ «ምንም የለብሽም» ትባላለች። ታማሚዎቻችን በሚመጡበት በሐብሩ ቆላ ደግሞ ትኩሳት ማለት ወባ ነው። እኛ ጋ የደረሱት ሁሉ የወባውን ኪኒን ደጋግመው ውጠው፣ የታይፎይዱን መርፌ ተወግተው፣ ምች ነው ተብለው ዳማከሴ ታሽተው የመጡ ናቸው።

ዘይነባም እንደዚያ ሆና ነው የመጣችው። ከውርጌሳ በላይ ካለ መንደር ባሏ ደግፎ አመጣት። ወጣት ናት፤ ጉልበቷና የእጅ አንጓዋ አብጧል። የስምንት ወር ልጇን ሐያትን ያዘለው ባሏ ነበር። ዶክተሩ የሚያስጨንቅሽ ምንድነው ሲላት ትኩሳቱን ትታ ልጅቱን አሳየችው።

«ልጄን ማዘል ይቻለኝ እንጂ ሌላ አልፈልግም። እሱ አዝሎ ገበያ ሲወጣ አገር ይስቅበታል» አለች። ባልየው መሬት መሬት አየ።

ወደ ጥናቱ ከመግባቷ በፊት የስምምነቱን ወረቀት አንብቤ ማስረዳት የኔ ሥራ ነው። ከፊሉ ታማሚ እውነተኛውን መድኃኒት፣ ከፊሉ ማስመሰያ፣ ማለትም ጨው ያለው ውሃ በዕጣ እንደሚደርሰው ነገርኳት። ሁሉም ለትኩሳቱና ለእብጠቱ የሚታዘዘውን የቆየውን ኪኒን ግን አይተውም።

«እርስዎ የኔ የቱ እንደሆን ያውቃሉ?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«ዶክተሩስ?»

«እሱም አያውቅም።»

«ታዲያ ማን ያውቃል?»

«ኮምፒውተር።»

«አላህ ያውቃል ይበሉኝ እንጂ እትዬ ሲስተር፤ ልቤ ይረፍ» አለችና አውራ ጣቷን ቀለም ላይ አስነካች።

ከመፈረሟ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አስቀድማ ነበር፤ መድኃኒቱ ሕያው ከሆነ ነገር ከተሠራ ሐራም እንዳይኖርበት። እኔ አላወቅሁም። ዶክተሩም አላወቀም። ናሆምን በስልክ ጠየቅን፤ ናሆም ውጭ አገር ላለው የመድኃኒቱ አምራች ጻፈ፤ መልሱ ረጅም ነበር፤ እኛ የገባን አሳማ እንደሌለበት ብቻ ነው። ዘይነባ መልሱን ይዛ ሄዳ የመንደሯን ሼኽ ጠየቀች። «ነፍስ ለማዳን ከሆነ ውሰጂ፤ የሰጠሽም የወሰድሽም ወንጀል የለባችሁም» ብለዋት ተመለሰች። ከሁላችን ግልጽ የተናገሩት እሳቸው ነበሩ።

ወይዘሮ የሺ ከእሷ ጥቂት ሳምንት ቀድማ የገባች ናት። መርሳ ከተማ፣ አውቶቡስ ከሚቆምበት ፊት ለፊት የለስላሳ ሱቅ አላት። ዕድሜዋ እንደኔው ወደ ሃምሳ ነው፤ ድምጿ ከሹፌር ጥሩምባ ይበልጣል። በዚህ በሽታ ሁለት ዓመት ስትለበለብ ሱቋን አንድ ቀን አልዘጋችም። ስመረምራት ሃያ ስምንቱን መገጣጠሚያ አንድ በአንድ በአውራ ጣቴ እጫናለሁ፤ ባመማት ቁጥር «ወይኔ እናቴ» እንደማለት «ኮካ! ፋንታ! ስፕራይት!» ብላ ትጮህ ነበር። በየመጠጡ ዓይነት ሕመሟን ትለካው ነበር፤ ኮካ ከባዱ ነው።

መርፌው በሳምንት አንዴ ነው። መድኃኒቱ በስሪንጅ ተሞልቶ፣ የታማሚው ቁጥር ተጽፎበት ይመጣል። ታማሚዎቹ ራሳቸውን መውጋት በብርቱካን ላይ ይለማመዳሉ። ዘይነባ ብርቱካኑን ቆንጥጣ ይዛ፣ «እሱስ አይጮህም፤ እኔ ብጮህ ማን ይይዘኛል?» ስትል ወይዘሮ የሺ ከጎኗ ሆና «እኔ እይዝሻለሁ፤ አብሽሪ» አለቻት። የተዋወቁት እዚያ ላይ ነው።

ችግሩ ዘይነባ ቤት መብራት የለም። የጤና ጣቢያው ፍሪጅ ደግሞ ለክትባት ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር ማስገባት ክልክል ነው። በየሳምንቱ ወልድያ ትመላለስ ቢባል ጉልበቷ አይችልም። ዶክተሩ ከጥናቱ ሊያስወጣት ነበር። ያን ጊዜ ነው እኔ አዋቂዋ ሐሳብ ያመጣሁት።

«የዘይነባ ሣጥን ወይዘሮ የሺ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። መርሳ ይቀርባታል፤ በገበያ ቀን ትመጣለች፤ እዚያው ትወጋለች» አልኩ።

ዶክተሩ አሰበና «ኃላፊነቱ ያንቺ ነው» አለኝ። ናሆምም በወረቀት አስፈቀደልን። የላይኛው መደርደሪያ ከለስላሳ ጸዳ። አሥራ አንድ ቁጥር የወይዘሮ የሺ በግራ፣ አሥራ አራት ቁጥር የዘይነባ በቀኝ። መሐል ላይ ቴርሞሜትሩ። ወይዘሮ የሺ ጠዋትና ማታ ዲግሪውን እያነበበች ትመዘግባለች። የእጅ ጽሑፏ የዶክተሩን ያስንቃል። በሥራዬ ኮርቼ ነበር፤ አልዋሽም።

በሦስተኛው ወር ወይዘሮ የሺ ዳነች። ትኩሳቱ ጠፋ፤ ስጫናት ኮካም ፋንታም የለም፤ ዝም። ዘይነባ ግን ያው ናት። ልጅቱ መዳህ ጀምራ ወደ እናቷ ስትመጣ ዘይነባ እጇን ትዘረጋና መልሳ ትሰበስበዋለች። ዶክተሩም እኔም አንድ ነገር ጠርጥረናል፤ መጠርጠር አይከለከልም፤ መናገር ነው የሚከለከለው። ወይዘሮ የሺም የጠረጠረች መሰለኝ። «የዘይነባ ውሃ ነው አይደል?» አለችኝ አንድ ቀን። «አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተመሰቃቀለው። ወይዘሮ የሺ አንድ ሳምንት ደህና ሆና በሚቀጥለው ትኩሳቷ ይነሳል። ዘይነባ አንድ ሳምንት ጉልበቷ ቀለል ይልና ይመለስባታል፤ ደግሞ ይቀላል። የትኩሳት መዝገባቸውን ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግቶ አንገቱን ይነቀንቃል።

«ይሄ በሽታ እንዲህ አይሄድም» ይለኛል።

«እንዴት ነው የሚሄደው?»

«እሱንም በደንብ አላውቅም። እንዲህ ግን አይሄድም።»

ያላጣራሁት ነገር አልነበረም። የፍሪጁን ቴርሞሜትር ለወጥኩ። ያው ነው። መብራት ሲጠፋ የሚገባውን በረዶ መረመርኩ። ደህና ነው። የተወጉበትን ስሪንጅ በቢጫው ሴፍቲ ቦክስ፣ በመርፌ መጣያው ካርቶን፣ ይመልሳሉ፤ እየፈታሁ ቆጠርኩ። በሳምንት አንድ ከአሥራ አንድ፣ አንድ ከአሥራ አራት። አንዲት አልጎደለችም። ናሆም መዝገቡን ሲያይ «ከምዞርባቸው ቦታዎች ሁሉ እንደዚህ የተስተካከለ አላየሁም» ብሎ አመሰገነን። እኔ ግን መዝገቡን ማታ ማታ እንደገና አገላብጥ ነበር። ወረቀቱ ሁሉ ልክ ነው፤ ሴቶቹ ብቻ ናቸው ልክ ያልሆኑት።

በስድስተኛው ወር ሁለቱም ለምርመራ ወልድያ አብረው መጡ። ዘይነባን ደም ቀድቼ መገጣጠሚያዋን ስጫን የእጇ አንጓ ለመጀመሪያ ጊዜ ለስልሶ አገኘሁት። ደስ ብሎኝ «ምን ተገኘ ዘይኑ? ባለፈው ሳምንት መርሳ ስመጣ እኮ እጅሽን አላስነካ ብለሽኝ ነበር» አልኳት።

«ያኔ የውሃው ሳምንት ነበር። አሁን ተራዬ ነበር እኮ» አለች።

«የምን ተራ?»

«የእትዬ የሺ ሣጥን ተራ።»

አውራ ጣቴ አንጓዋ ላይ እንዳለ ቀረ። ጥያቄዎቹን ሁሉ በየጊዜው ጠይቄያታለሁ። መርፌሽን ወሰድሽ? ወሰድኩ። ያሳለፍሽው አለ? የለም። ሌላ መድኃኒት ጨመርሽ? አልጨመርኩም። አንዱንም አልዋሸችም። ወይዘሮ የሺን ጠርቼ በሩን ዘጋሁ።

«የሺ፣ መርፌውን ትቀያየራላችሁ?»

«እንቀያየራለን» አለች፣ ሰዓት የጠየቅኋት ይመስል። «አንድ ሳምንት እኔ ከራሴ እሷ ከራሷ፤ አንድ ሳምንት እኔ ከእሷ እሷ ከእኔ። ሁለቱም ለሁለታችን ይድረስ ብዬ ነው።»

«አልተነገራችሁም? ቁጥሩ እኮ የተጻፈው...»

«ተነግሮናል። አንቺ ግን አንድ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥሽው። እኔ ድኜ ይህች ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስታቃስት ልያት? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል።» ደግሞም «ሥጋችን ለየቅል ነው፤ እኔ የእሷን አልበላ፣ እሷ የኔን አትበላ። መርፌ ግን የክርስቲያን የእስላም የለውም» አለች።

መቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ቁጣዬ ግን መቆሚያ አጣ። በዚህ አገር ሃያ ዓመት ኖሬ፣ በሠርጋቸውም በሐዘናቸውም ለሁለቱም ወገን ድንኳን ሲተከል አይቼ፣ አንድ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ዕጣ ሳስቀምጥ ይህ እንደሚመጣ አለማሰቤ ነው የገረመኝ።

ወይዘሮ የሺ ወጣች። ዘይነባ ቀረች። የጥናቱ ደንብ ሲጣስ የሚሞላው ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ ከጻፍኩት ምን እንደሚሆን ጠይቃኝ ነገርኳት። ሁለታችሁም መድኃኒቱን ታቆማላችሁ፤ በድሮው ኪኒን ብቻ ትቀጥላላችሁ።

«እትዬ ሲስተር፣ ቁጥሩ ልክ ነው አላሉም? ካልጻፉት ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ይተዉት። ወላሂ ሁለተኛ አንለውጥም። እጄ ገና አሁን እሺ ማለቱ ነው። ሰኞ ዕለት ሐያትን አንስቻታለሁ፤ ከመሬት እስከ ጭኔ ድረስ።»

እንዴት እንዳነሳቻት በእጇ አሳየችኝ። ከጻፍኩ ይህችን ሴት እጎዳለሁ። ካልጻፍኩ፣ በእነሱ መዝገብ ተሳስቶ የሚፈረድለት ወይም የሚፈረድበት መድኃኒት ነገ ስንቱን የማላውቀውን ሰው ይጎዳል። የማላውቀው ሰው ፊት የለውም፤ ዘይነባ ፊቴ ናት። ጻፍኩት።

ቅጹን ለዶክተሩ ስሰጠው ሁለቴ አነበበው። «ልትደብቂው አስበሽ ነበር?» አለኝ።

«አስቤ ነበር።»

«እኔም ብሆን አስብ ነበር» አለና ፈረመበት።

መልሱ ከአምራቹ በሳምንቱ መጣ፤ ሁለቱም መድኃኒቱን ያቁሙ። እኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ። ማስጠንቀቂያው አልቆጨኝም፤ የፍሪጁን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ የሚገባኝን ነው ያገኘሁት። ሣጥኖቹን ልሰበስብ መርሳ ወረድኩ። ወይዘሮ የሺ ፍሪጁን ከፍታልኝ ዘወር አለች። ሁለቱን ሣጥን ካወጣሁ በኋላ ባዶው መደርደሪያ ላይ ለስላሳ መደርደር ጀመረች። ልወጣ ስል ነው «ለእኔስ ግድ የለም፤ ዘይነባን ግን ምን አጠፋሽ ትሏታላችሁ?» ያለችኝ።

ወይዘሮ የሺን ኪኒኑ እንደምንም ያዛት። ዘይነባን አልያዛትም። ከሰባት ወር በላይ ተቃጠለች። በየወሩ ስትመጣ ያንኑ የእጅ አንጓ እጫናለሁ፤ መጀመሪያ እንደገና አበጠ፤ ከዚያ እብጠቱ ሳይጎድል መታጠፍ ቀነሰ፤ በመጨረሻ ስጫነው አላመማትም። ደስ ሊለኝ ሲል ዶክተሩ ራጁን አሳየኝ። የአንጓዋ ትንንሽ አጥንቶች ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። ከእንግዲህ አይታጠፍም።

ጥናቱ ሲያልቅ የዕጣው ምስጢር ተከፈተ። ናሆም ዝርዝሩን ይዞ መጣ። ዶክተሩ ጣቱን በወረቀቱ ላይ እያስኬደ አሥራ አንድ ላይ ቆመ፤ እውነተኛው መድኃኒት። አሥራ አራት ላይ ቆመ፤ እውነተኛው መድኃኒት።

«ደግመህ እየው» አልኩት። ደግሞ አየው። ሁለቱም ሣጥን ውስጥ የነበረው አንድ ነበር። ሴቶቹ ሦስት ወር ሙሉ ያንኑ በዚያው ሲለዋወጡ ነበር የኖሩት።

«ታዲያ የሺ ለምን ቀድማ ዳነች? ኋላስ ለምን ተነሳባት?» አልኩ።

«የአንዳንዱ ሰውነት ቶሎ ይመልሳል፤ የአንዳንዱ ይዘገያል» አለ ዶክተሩ። «የተነሳባት ደግሞ... በሽታው አንዳንዴ እንዲህ ይላል።»

«እንዲህ አይሄድም ብለኸኝ ነበር እኮ።»

«ብዬ ነበር» አለ። ናሆም ወረቀቱን ብቻ ያይ ነበር።

ዶክተሩ ለአምራቹ ሦስት ደብዳቤ ጻፈ። በሦስተኛው እሺ ተባለና ዘይነባ መድኃኒቱን እንደገና ጀመረች። በሁለተኛው ወር ትኩሳቱ ጠፋ፤ ጉልበቷም ቀለላት። አንጓዋ ግን የተጣበቀ ነው፤ መድኃኒት አይፈታውም።

ጡረታ ልወጣ አንድ ወር ሲቀረኝ በገበያ ቀን መርሳ ወረድኩ። ወይዘሮ የሺ ካኮረፈችኝ ቆይታለች፤ ሳልጠይቃት ለስላሳ ከፈተችልኝ። ዘይነባ ልትሄድ ተነስታ ነበር። ሐያት አድጋለች፤ በእግሯ ትሄዳለች፤ ግን ደክሟት ዕዘይኝ አለች። ዘይነባ ጎንበስ ብላ ልጅቱን በግራ እጇ ጀርባዋ ላይ አወጣች፤ ማዘያውን በትከሻዋ አዞረች። ቋጠሮው ላይ ስትደርስ ቆመች። የቀኝ እጇ አንጓ አይታጠፍም። ወይዘሮ የሺ ከባንኮኒው ወጥታ መጣችና ቋጠሮውን አሠረችላት። ሁልጊዜ እንዲህ እንደሚያደርጉ ያስታውቃል።

ለዘይነባ ስለ ዕጣው ነግሬያት አላውቅም ነበር። ያኔ ነገርኳት። ሁለቱም ሣጥን አንድ እንደነበር፣ የተለዋወጡት ምንም እንዳልለወጠ።

ዘይነባ ልጅቱን ጀርባዋ ላይ እያስተካከለች ሰማችኝ። «እንግዲህ እርስዎ እውነቱን ጻፉ፤ እኛም የጠየቁንን እውነቱን ተናገርን። እጄ ግን ይኸውልዎት» አለች። በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። አውቶቡሷ መጥቶ ነበርና ደህና ዋሉ ብላኝ ሄደች።

ለታማሚ መድኃኒት አስረክባችሁ ስትመለሱ ሁለት ነገር ጠይቁ። ወሰድሽ ወይ፣ አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ ከማን ጋር። ሁለተኛውን እኔ አልጠየቅሁም።